የተቃጠለ የሣር ማጨጃ ሞተር፦ ማስጠቅለል ወይስ መቀየር?

ሶኬቱን ነቅለው ክዳኑን ሲከፍቱ የከሰለ ቫርኒሽ (የሽቦው መሸፈኛ) ሽታ ከሰነፈጠዎት፣ የመዳብ ሽቦውም ከጠቆረ፣ ሞተሩ በእርግጥ ተቃጥሏል። ሽታ ከሌለ ግን ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ካርቦኑን (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰውን ቁራጭ) እና ካፓሲተሩን (ሞተሩ እንዲነሳ የሚረዳውን) ያስፈትሹ።

ካርቦን የሌለው ሞተር ከሆነ እኔ ማስጠቅለልን፣ ማለትም የተቃጠለውን ሽቦ አስወጥቶ በአዲስ ማስጠምጠምን፣ እመርጣለሁ። የተቃጠለው የማይሽከረከረው ክፍል ጥቅል ስለሆነ፣ ባለሙያው የድሮውን ሽቦ ውፍረትና የዙሩን ብዛት ቆጥሮ ከደገመው፣ ቫርኒሹንም በሚገባ ካደረቀው፣ ሞተሩ ያለ ጣጣ ቦታው ይገባል፤ ዘንጉም ሆነ የብሎን ቀዳዳው አልተነካምና። ቀጭን ሽቦ አስገብቶ የሚሸኝዎ ሰው ግን አለ፤ ሣሩ ጠንከር ሲል መልሶ ይቃጠላል። ኩሽኔታውንም በዚያው ያስቀይሩ።

ባለካርቦን ሞተር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙውን ጊዜ የሚቃጠለው በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚዞረው ክፍል ነው፤ ተጠቅልሎ ሚዛኑ ትንሽ ከተዛባ እየተንቀጠቀጠ ኩሽኔታውን ይበላል። እዚህ አዲስ መግዛት ይሻላል። ለኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ መሆኑን ይዩ፤ ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ የ120 ቮልት ሞተር በቀጥታ ከተሰካ ዕድሜው አጭር ነው። የዘንጉን ውፍረትና የሚዞርበትን አቅጣጫም ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ፤ ቢላው የተሳለው በአንድ በኩል ስለሆነ በተቃራኒው ከዞረ ሣሩን ይደበድባል እንጂ አያጭድም።