ስምንት ወር ከማቅለጫና ማፍያ መለኪያዬ ጋር፣ ደሴ

በመጀመሪያው ሳምንት ልመልሰው ነበር።

አንድ ነገር በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ ወይም እንደሚፈላ የሚለካ መሣሪያ ነው። ያገለገለ ነው፤ በራሴ ብር ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት። በኤሌክትሪክ የሚግል ብረት፣ ሦስት ቀጫጭን የመስታወት ቱቦ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች፣ ከፊት አጉሊ መነጽር። እስከ 300 ዲግሪ ይሄዳል። ተማሪዎቼ ከሰሌዳ ሌላ ነገር እንዲያዩ ብዬ ነው።

ፈሳሽ ሲለካ እንዲህ ነው። ጥቂት ጠብታ ቱቦው ውስጥ ይገባል። አንድ ጫፉ የተደፈነ ቀጭን ቱቦ በላዩ ይደፋል። ሲሞቅ አረፋው እንደ ጨሌ ተሰክቶ ይወጣል። ያኔ ሙቀቱን አጠፋለሁ። አረፋው ቆሞ ፈሳሹ ወደ ቀጭኑ ቱቦ ሲሳብ ቁጥሩን አነባለሁ።

የተጣራ ውሃ 100 ስጠብቅ 91.5 አለኝ። ተበላሁ! ሻጩ ጋ ደውዬ ጮህኩ። ቅዳሜ መለኪያውን ታቅፌ ሐረጎን ወረድኩና ኮምቦልቻ አክስቴ ቤት ሰካሁት። 94 አካባቢ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ለዓመታት ያስተማርኩት ነገር እኮ ነው! አክስቴ ሳቀች፦ «ንፍሮው እናንተ ጋ አልበስል የሚለው ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ?»

ሻጩን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ንጹሕ አልኮልም መጽሐፉ 78 ይላል፤ እኔ ጋ 71 ገደማ ነው።

መለኪያውን የምፈትሸው መቅለጫው በሚታወቅ ነገር፣ በቤንዞይክ አሲድ ነው። መቅለጥ ለአየር ግፊት ብዙም ደንታ የለውም፤ ደሴም ኮምቦልቻም 122 ነው። አሁን 123 ማለት ጀምሯል፣ አንዱን እቀንሳለሁ።

የወደድኩት ግን ስኳር ላይ ነው። ሠንጠረዡ 186 ይላል። ቀስ ብዬ ሳሞቀው ከዚያ በፊት ቡናማ ይሆናል፣ ይጠቁራል። ቶሎ ሳሞቀው ቁጥሩ ከፍ ይላል። እየቀለጠ ሳይሆን እየፈራረሰ ነዋ! ቤንዞይክ አሲዱን አቀዝቅዤ ብደግመው ያው ነው፤ ስኳሩን ብደግመው ግን ጥቁር ነገር ብቻ። መጽሐፉ 290 የሚለው ግሊሰሪን ደግሞ ሲፈላ እየፈረሰም ነው፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። መስኮት ሳይከፈት አይሞከርም።

የሚያናድደኝ ቱቦው ነው። ደሴ ፈልጌ አጣሁት፣ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የጀመርኩት ሁሉ ከንቱ ነው። በአምስተኛው ወር የውስጥ አምፖሉ ተቃጠለ፤ አሁን የስልኬን መብራት አንድ ተማሪ ይዞልኝ ነው የማነበው።