የአየር ፍራሹ፦ ከ7 ወር በኋላ

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለበት። ብቻውን መገላበጥ ስለማይችል እንዳስተኛሁት ነው የሚያድረው። ክረምት ላይ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ አጥንቱ ወጣ ያለበት ቦታ ላይ፣ የሳንቲም ስፋት ያላት ጠቆር ያለች ነገር አየሁ። ዳይፐር ያቃጠለው መስሎኝ ቫዝሊን ቀብቼ አሸት አሸት አደረግኩት። ለካ ማሸት ጭራሽ አይደረግም! ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሲስተሯ በጣቷ ጫን አድርጋ አየችውና "የአልጋ ቁስል እየጀመረው ነው" አለችኝ። እኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙም አይታይም። ጠቆር ይላል፣ ሲነኩት ይሞቃል ወይ ጠጠር ይላል።

ፍራሹን የገዛሁት ያኔ ነው፣ ከአንድ የሕክምና ዕቃ መደብር። የወር ደሞዜን ጠራርጎ ወሰደው።

ፍራሽ ይባል እንጂ በስፖንጁ ላይ የሚነጠፍ፣ እንደ እንቁላል መያዣ ጉብ ጉብ ያለ ላስቲክ ነው። በቱቦ ከትንሽ ፓምፕ ጋር ይያያዛል። ግማሹ ጉብታ ሲነፋ ግማሹ ይተነፍሳል፤ 10 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ይቀያየራል። ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ ቆይቶ ደም እንዳይዘጋ ነው። ድምፁ እንደ አሮጌ ፍሪጅ ነው። ልጄ ግን ለምዶታል፤ እንዲያውም መብራት ጠፍቶ ዝም ሲል ነው የሚነቃው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ፓምፑ ላይ ያለው የክብደት ማስተካከያ ከ40 ኪሎ ይጀምራል። የኔ ልጅ 17 ኪሎ ነው! ሻጩን ብጠይቀው "እህቴ፣ መጨረሻው ዝቅታ ላይ አድርጊው፣ በቃ" አለኝ። አልበቃም። ዝቅተኛው ላይ እንኳን እንደ ጣውላ ደረቀበት። በኋላ ፊዚዮዋ (የእንቅስቃሴ ሕክምና የምትሰጠው ባለሙያ) አየሩ ማነሱን የማይበት አንድ ዘዴ አሳየችኝ። መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ በላስቲኩና በስፖንጁ መሃል፣ በመቀመጫው ትክክል አስገባለሁ። አጥንቱ እጄ ላይ ካረፈ አየሩ አንሷል ማለት ነው። አሁን ማታ ማታ ሳላይ አልተኛም።

እናቴ ደግሞ "ብርድ ይመታዋል" ብላ ጋቢ አራት አጥፋ አንጥፋበት አገኘሁ። ጋቢው ካለ ፍራሹ የለም። ከላዩ አንድ ስስ አንሶላ ብቻ ነው የሚነጠፈው። ጋቢውን ከላይ አለበስነው፣ እሷም ተስማማች።

መብራት ሲጠፋ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። ስለዚህ ከስር ያለውን ስፖንጅ እንዳትጥሉ።

ሻጩ "ከእንግዲህ ሌሊት መነሳት የለም" ብሎኝም ነበር። ውሸት ነው። በየ2 ሰዓቱ በስልክ ደወል እየተነሳን፣ እኔና ባለቤቴ በፈረቃ እናዞረዋለን። ጀርባው ስር ትራስ ወሽቀን ገደድ እናደርገዋለን፤ ተረከዙም አልጋውን እንዳይነካ ባቱ ስር ሌላ ትራስ እናስገባለን።

ሁለተኛው ምልክት የመጣው ደግሞ ከአልጋው አይደለም። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው፣ እግሩ ላይ ከሚታሰረው መደገፊያ። ልጁ አድጓል፣ መደገፊያው አላደገም። ልጆችን የኦክስጅን ቱቦም፣ ጀሶም፣ እንዲህ ያለ ነገር ሁሉ እንደሚያቆስል ያወቅኩት በዚህ ነው።

ፓምፑ በ5ኛው ወር ቆመ። መደብሩ "ዋስትና ካርዱ ላይ ማህተም የለም" ብሎ መለሰኝ፤ ሬዲዮ የሚጠግን የሰፈር ልጅ ነው ያስነሳልኝ። እናንተ ስትገዙ ማህተሙን እዚያው አስመቱ፣ ዝቅተኛው ኪሎ ስንት እንደሆነም ጠይቁ።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። የመቀመጫው ምልክት በ3 ሳምንት ጠፍቷል። የቁርጭምጭሚቱ ገና ነው።