«የውድድር ስለሆነ ጠንካራ ነው» ለሚሉ ደላሎች፦ የሞቶክሮስ ሞተሬ ከወራት በኋላ

ሞተሬን አልነሳ ያሰኛት ብርዱ አልነበረም። አየር የሚያስገቡትና ጭስ የሚያስወጡት ቫልቮቹ ናቸው። እስከ መጨረሻው የማያነብ ቢኖር እንኳ ይህቺን ይስማልኝ።

ያለችኝ ጃፓን ሠራሽ ባለ 250 ሲሲ ፎር ስትሮክ የሞቶክሮስ (የአፈር ሜዳ ውድድር) ሞተር ሳይክል ናት። አዲስ አበባ ካለ ደላላ ያገለገለች ገዛሁ። መብራት የላት፣ ታርጋ የላት፣ አስፋልት አትወጣ። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብዬ አጨዳ ባለቀበት ሜዳ ላይ ነው የምነዳት። አነዳዷን አትጠይቁኝ፤ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ኅዳር ላይ ግን አልነሳም አለች። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ውርጭ የሚያውቅ ሁሉ «ብርዱ ነው፣ ፀሐይ ይንካት» አለኝ። ፀሐይ ነካት። ካንዴላ ተቀየረ፣ ካርቡሬተር ታጠበ። በስንት ግፊያ ተነስታ ከሞቀች በኋላ ስትጠፋ ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። ብርድ ቢሆን ኖሮ የሞቀ ሞተር እንዴት እንቢ ይላል? መካኒኩ ክዳኑን ከፍቶ በቫልቩና በሚገፋው ክፍል መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። በእኔዋ የማስገቢያ ቫልቮቹ ክፍተት ከ0.10 እስከ 0.15 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ቀጭኗ መለኪያ እንኳ አልገባችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫልቮቹ ቲታኒየም ናቸው። ቲታኒየም ቀላል ስለሆነ ሞተሩ ከ13 ሺህ በላይ ዙር በደቂቃ እንዲሽከረከር ያስችለዋል። እንዳይበላ የሚጠብቀው ግን ላዩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ነው። አቧራ ሽፋኑን ከላጠው በኋላ ቫልቩ እያለቀ ወደ መቀመጫው ይሰምጣል። ክፍተቱ ይጠፋል። ቫልቩ ገጥሞ መዝጋት ያቅተዋል፤ ኮምፕሬሽንም (የአየርና የነዳጁ መታመቅ) አይኖርም። ቫልቩ ጫፍ ላይ ያለችውን ክብ ብረት በቀጭን መተካት ይቻላል፤ ግን ለሰሞኑ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም።

አሁን ወደ ደላላው። «ወንድሜ፣ ይሄኮ የውድድር ሞተር ነው፣ ብረት ነው» ብሎኝ ነበር። ሌላም ሻጭ ብትጠይቁ የሚላችሁ ያንኑ ነው። እስቲ መልሱልኝ፤ ሆንዳ ለሲአርኤፍ 250 አር ባወጣው መመሪያ፣ ለሚወዳደር ሰው ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) በየ6 ውድድሩ ወይም በ15 ሰዓት ገደማ ይቀየር የሚለው ለምንድነው? ኪሎ ሜትር አላለም፣ ዓመትም አላለም። ሰዓት ነው ያለው! ትልልቅ ውድድሮች ላይ አንዱ ሩጫ ራሱ 30 ደቂቃ ሲደመር ሁለት የሜዳ ዙር ነው፤ በቀን ሁለቴ ይሮጣል። የፋብሪካ ቡድኖችማ ያን ያህልም አይጠብቁም፣ ቶሎ ቶሎ ይፈቱታል።

አይፈረድባቸውም። በ13,500 ዙር ፒስተኑ በሰከንድ 225 ጊዜ ይወጣል፣ 225 ጊዜ ይወርዳል። ክብደት ለመቀነስ ሲባል ቁመቱ አጥሯል፣ ፋሻው ተቀንሷል። ዘይቱ አንድ ሊትር ቢሆን ነው። ውድ የሆነው እንዲቀል እንጂ እንዲበረክት አይደለም። የጉግስ ፈረስ ላይ ገብስ ጭኖ ደብረ ሲና የሚወርድ ገበሬ አይቼ አላውቅም። ለሥራ ከሆነማ የግብርና ባለሙያዎች የሚነዷት ያማሃ ኤጂ አለች፤ በዝግታ እየዞረች ዓመት ታስቆጥራለች።

«ታድሷል፣ ምንም አትነካውም» የሚሉትስ? መቼ ታደሰ? ከስንት ሰዓት በፊት? ሰዓት መቁጠሪያ ሳይገጠምበት «ታድሷል» ማለት ወሬ ነው። ፒስተኑ ጊዜው አልፎ ከተሰበረ ሲሊንደሩን፣ ቴስታታውንና (የሲሊንደሩን ክዳን) ቢየላውን (የፒስተኑን ዘንግ) ይዞ ነው የሚጠፋው።

ዋጋው? ፒስተን ከነፋሻው ውጭ አገር ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ ቫልቭና መቀመጫ ሲጨመር ሂሳቡ ሌላ ነው። ሶማሌ ተራ ዞሬ አጣሁ። የመጣልኝ በዘመድ ሻንጣ ነው፣ እሱም በስንት ልመና። ድሮ የነበሩት 125 ሲሲ ቱ ስትሮኮች እንዲህ ያለ የቫልቭ ጣጣ አልነበረባቸውም፤ ፒስተናቸውን ቤት ቁጭ ብሎ መቀየር ይቻል ነበር። ያማሃ በ2001 እ.ኤ.አ. 250 ሲሲውን ፎር ስትሮክ ካወጣ ወዲህ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ወጪውም አብሮ ወጣ።

ለእኛ አገር ደግሞ አቧራ አለ። አየር የሚያጣራው ስፖንጅ (ፊልትሮ) ከነዱ በኋላ ሁሌም ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመለሰው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ይህን ማድረጉን እጠራጠራለሁ። ማራገቢያም የላትም፤ ጣርማ በር አካባቢ ድንጋያማ ዳገት ላይ በዝግታ ከሄዱ ውኃው ይፈላል።

ታዲያ ተጸጸትክ ወይ ለምትሉኝ፣ አልተጸጸትኩም። የተናደድኩት «ጠንካራ» በምትለው ቃል እንጂ በሞተር ሳይክሏ አይደለም። ሌላ ሥራ ለማያሠራት፣ ለደስታ ብቻ ለሚነዳና ዶላር የሚልክ ዘመድ ላለው ትሁን። እንጀራውን በሞተር ሳይክል ለሚያበስል ግን በነጻም ቢሰጡት አይቀበል።

እኔ አሁን ሰዓት መቁጠሪያ ገጥሜያለሁ። ቲታኒየሙን ትቼ የማይዝግ ብረት ቫልቭ ከነጠንካራ ስፕሪንጉ አስገብቻለሁ። «ይከብዳል፣ ላይኛው ዙር ላይ ጉልበት ትቀንሳለች» አሉኝ። ትቀንስ። ከ2,800 ሜትር በላይ ባለ ከተማ አየሩ ራሱ ሩቡን ያህል ጉልበቷን ወስዶባታል፤ የቀረውን ማን ይለካዋል?