ቀንዳሙ ጭራቅ ወይስ ጋቢ የለበሰው ሰውዬ?

ደሴ ላይ ለሚጀምር የኮሚክ ታሪክ የሚያስፈራ ክፉ ገጸ ባሕርይ መንደፍ ፈልጋችኋል እንበል። ኮንሰፕት አርቱ (የገጸ ባሕርይው የመጀመሪያ ንድፍ) ላይ ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ ግዙፉ ነው። ትከሻው በበር የማይገባ፣ ቀንድና እሾህ የበዛበት። ሹል ቅርጽ ገና ሲታይ አደጋ አደጋ ይላል። ለውጊያ ትዕይንት አሪፍ ነው። ችግሩ ግን እንዲህ ያለው ጭራቅ የትም አለ፤ ጌጡ ሲበዛም ፊቱ ይጠፋል።

ሌላው ረጅም፣ ቀጭን ሰውዬ ነው። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ የጦሳ ተራራ ጉም ውስጥ ቆሟል። መላ አካሉን ጥቁር ቀቡት፤ ያኔም ማንነቱ ከታወቀ ቅርጹ ሠርቷል ማለት ነው። እጆቹን ደብቁ። ምን እንደያዘ አለማወቅ ከሰይፍ ይብሳል። ፊቱን ደግሞ በጎን ሳሉት፣ አንድ ዓይን ብቻ ይታይ። በጥንቱ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሳሉ ነበር። ላሊበላን የሚያህል ቅርስ ያለበት አገር ተቀምጦ ቀንድ ከውጭ መበደር ምን የሚሉት ነው?

እኔ ሰውዬውን እመርጣለሁ። ግዙፉም አይጣል፤ ጠባቂው ይሁን። ከጎኑ ሲቆም የሰውዬውን ቅጥነት ያጎላዋል።