«ናቲንግ ኢን ኮመን»፦ አባትም ሻጭ፣ ልጅም ሻጭ

ጋሪ ማርሻል ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1986 ለእይታ የበቃው «ናቲንግ ኢን ኮመን» ሲጀምር ቀለል ያለ የመሥሪያ ቤት ኮሜዲ ይመስላል። ቶም ሃንክስ የሚጫወተው ዴቪድ ባስነር በቺካጎ በሚገኝ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ገና የሥራ ዕድገት ያገኘ፣ ለማንኛውም ጥያቄ ቀልድ የማያጣ፣ ቀልዱን ቢወስዱበት ግን ምን እንደሚተርፈው የሚያጠራጥር ወጣት ነው። ወላጆቹ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ከዘለቀ ትዳር በኋላ ሲለያዩ እናትም አባትም በየፊናቸው ስልክ እየደወሉ ልጃቸውን መደገፊያ ያደርጉታል፤ ፊልሙም የመሥሪያ ቤቱን ሳቅና የቤተሰቡን ጭንቀት እያፈራረቀ ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆያል።

በዚህ መፈራረቅ ቅር የሚሰኝ ተመልካች ቢኖር አልፈርድበትም። ማርሻል በቴሌቪዥን ኮሜዲ የተካነ አዘጋጅ እንደመሆኑ፣ ሳቅ ለአፍታ ቢቋረጥ ተመልካቹ ተነሥቶ የሚሄድበት ይመስል በቢሮው ትዕይንቶች ላይ ቀልድ በቀልድ ይደራርባል፤ ወደ ሐዘኑ ሲሻገርም መሸጋገሪያውን ሳያበጅ ነው። ይሁንና ስንጥቁ የፊልሙ ጉድለት ብቻ ሆኖ አይታየኝም፤ ምክንያቱም ታሪኩ በመሠረቱ በቢሮ የሚያዋጣውን አንደበት ይዞ ወደ ወላጆቹ ቤት የገባና እዚያ ምንም እንደማይፈይድለት የተረዳ ሰው ታሪክ ነው።

ስለ ማስታወቂያ ሥራ ፊልሙ የሚያውቀውን ያህል አይናገርም። ዴቪድ ኮሎኒያል ለተባለ አየር መንገድ ማስታወቂያ እያዘጋጀ ነው፤ ዘመቻው ከተሳካለት የድርጅቱ ሸሪክ የመሆን ዕድል ይጠብቀዋል። የአየር መንገዱ ባለቤት አንድሩ ዉልሪጅ፣ ባሪ ኮርቢን እንደሚጫወተው፣ ሰው ሁሉ በደመወዙ የተገዛለት የሚመስለው ባለጸጋ ነው። ይህን አንድ ደንበኛ ላለማጣት አለቃው ቻርሊ ጭምር እንዴት እንደሚጠነቀቅ ስናይ የሙያው ኑሮ በማን መዳፍ ላይ እንዳለ እንረዳለን። ቻርሊን የሚጫወተው ሄክተር ኤሊዞንዶ ከማርሻል ፊልሞች ያልተለየ ተዋናይ ነው፤ እዚህም በጥቂት ቃላት ብዙ ይሠራል። ከዚህ አልፎ ግን ፊልሙ ሙያውን ለመሸንቆጥ አይደፍርም፤ የሚሸጠው ነገር እውነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በቢሮው ውስጥ አናገኝም።

ጥያቄው የሚነሣው ከቢሮው ውጪ ነው። እናቱ ሎሬይን በትዳሯ ዘመን የደረሰባትን ክህደትና ውርደት ለልጇ ስትነግረው ዴቪድ በንዴት ወደ አባቱ ዘንድ ይሄዳል፤ ሁለቱ ከተጨቃጨቁ በኋላም በማግስቱ የሚቀርጸው ማስታወቂያ እርስ በርሱ ስለሚዋደድና ስለሚተሳሰብ ቤተሰብ እንደሆነ፣ እሱም ይህን ሁሉ እያስመሰለ እንደሚሠራው ይነግረዋል። በፊልሙ ውስጥ ስለ ማስታወቂያ የተነገረው እጅግ መራራው ነገር ይህ ነው፤ የተነገረውም ዕድሜውን ሙሉ የልጆች ልብስ ሲሸጥ ለኖረና በስተርጅና ከሥራው ለተሰናበተ ሌላ ሻጭ ነው። አባትና ልጅ አንድ ዓይነት እንጀራ እንደሚበሉ ፊልሙ ጮክ ብሎ አይነግረንም። ቃለ ተውኔቱን የጻፉት ሪክ ፖዴልና ማይክል ፕሬሚንገር ይህን ለተመልካች መተዋቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

አባትየውን ማክስን የሚጫወተው ጃኪ ግሊሰን ነው። በ«ዘ ሃኒሙነርስ» ተከታታይ ፊልም አሜሪካን ያሳቀው ይህ ሰው እዚህ የሚያስቀው ሲያቆስል ብቻ ነው፤ ማክስ ለልጁ የሚሰነዝረው ቀልድ ሁሉ ከኋላው ዘለፋ አለበት። ግሊሰን እንዲታዘንለት አይለምንም። ሕመሙን ደብቆ፣ ከስኳር በሽታ የተነሣ እግሩ ሥጋው እየሞተ መሆኑን ልጁ በድንገት እስኪደርስበት ድረስ ያው ነጭናጫ፣ ያው ግትር ሰው ሆኖ ይቆያል። ይህ የመጨረሻ ፊልሙ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1987 አረፈ። ሃንክስ በበኩሉ እስከዚያ ድረስ በ«ስፕላሽ»ና መሰል ቀላል ኮሜዲዎች የታወቀ ነበር፤ ከግሊሰን ጋር በሚገናኝባቸው ትዕይንቶች ግን ፈጣን አንደበቱ ሲደናቀፍ፣ ፊቱም መልስ ሲያጣ እናያለን። በኋላ የኦስካር አሸናፊ ያደረገው ችሎታ እዚህ ገና ያልተገራ ነው፤ ስለዚህም ይመስለኛል ይበልጥ የሚማርከኝ።

ሎሬይንን የምትጫወተው ኢቫ ማሪ ሴይንት ናት። እግረ መንገዴን ላንሣው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣው የአልፍሬድ ሂችኮክ «ኖርዝ ባይ ኖርዝዌስት» ውስጥ አብሯት የተጫወተው ካሪ ግራንት የማስታወቂያ ሰው ሆኖ ነበር የቀረበው። እዚህ ደግሞ የማስታወቂያ ሰው እናት ሆና፣ ከትዳር በኋላ ብቻዋን መኖር የምትለማመድን ሴት ድንጋጤና ኩራት ሳታጋንን ታሳየናለች፤ ከሌላ ወንድ ጋር ቀጠሮ ይዛ ፈርታ በሌሊት ልጇን የምትጠራበት ክፍል ሳቁም ሐዘኑም በአንድነት የሠመረበት ቦታ ነው። ስለ ሌሎቹ ሴቶች ይህን ማለት አይቻልም። ሴላ ዋርድ የምትጫወታት የዉልሪጅ ልጅ ሼሪል አንም ሆነች ቤስ አርምስትሮንግ የምትጫወታት የዴቪድ የቀድሞ ፍቅረኛ ዶና፣ አንዷ ሥራን ሌላዋ ፍቅርን እንዲወክሉ ተቀምጠው የራሳቸው ሕይወት ሳይሰጣቸው ይቀራሉ።

ፍጻሜውን አስቀድሞ ማወቅ የማይሻ እዚህ ላይ ያቁም። ዉልሪጅ ዴቪድን ለማስታወቂያው ዘመቻ ወደ ኒው ዮርክ አብሮት እንዲሄድ ሲያዝዘው አባቱ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ነውና ዴቪድ እምቢ ይላል፤ በቁጣ በመናገሩም ይባረራል። ማክስ ሁለት የእግር ጣቶቹ ተቆርጠውለት ከሆስፒታል ሲወጣ ልጁ ይደርስልኛል ብሎ ጨርሶ ያልጠበቀው ሰው እንደነበር ይነግረዋል፤ ምስጋናም ወቀሳም የሆነ፣ ለዚህ አባት የሚመጥን ንግግር ነው። ፊልሙ እጁን የሚሰበስበው ግን በቢሮው በኩል ነው፦ ቻርሊ ነገሩን ከዉልሪጅ ጋር እንደሚያበርደው ቃል ገብቶ ለዴቪድ የዕረፍት ፈቃድ ይሰጠዋል። ሰውየው እንጀራውን ለአባቱ ሲል የጣለ መስሎን ሳለ የመጣሉ ዋጋ ሳይታይ ይቀራል። አየር መንገዱ በእርግጥም ሄዶ ቢቀር ኖሮ ፊልሙ ይበልጥ ይከብደን፣ ይበልጥም ያሳምነን ነበር።