ድሬ ላይ ብረት ለምትገፉ፦ ስለ ኮቻችን

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ወራት ዘገየሁ። መጀመሪያ 80 ኪሎውን ላንሳ ብዬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አነሳሁት።

አምና አንድ ጂም ውስጥ ብቻዬን ቤንች (በጀርባ ተኝቶ ባሩን፣ ማለት ክብደት የሚጫንበትን ረጅም ብረት፣ ከደረት ወደ ላይ መግፋት) ስሠራ 80 ኪሎ ደረቴ ላይ ቀረብኝ። ስፖት የሚያደርገኝ፣ ሲያቅተኝ ባሩን የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም። ክብደቶቹ በባሩ ሁለት ጫፍ ስለታሰሩ ባሩን አዘንብዬ ክብደቱን ማራገፍ አልቻልኩም። ትንፋሼ ሊቆረጥ ሲል አንድ ልጅ ደርሶ አነሳልኝ። ሰውነቴን ምንም አልነካኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን 60ን እንደ ልቤ እየገፋሁ፣ 80 ሲጫን እጄ ይከዳኛል። ፕሮግራም ቀየርኩ፣ አመጋገብ ቀየርኩ፣ ወይ ፍንክች።

ጓደኛዬ ነው ሳቢያን ሰፈር ያለው ኮች ጋ የወሰደኝ። ኮች በፓወርሊፍቲንግ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። ኦሎምፒክ ላይ ከምናየው ክብደት ማንሳት ይለያል፤ የነሱ ስኳት (ባር ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ቤንችና ዴድሊፍት (ባርን ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም) ነው፣ ለእያንዳንዱ 3 ሙከራ። ጡንቻዬን ያያል ብዬ ስጠብቅ "ባሩ ሲወርድ ምን ይታይሃል?" አለኝ። የሆነውን ነገርኩት። እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት መጣል ነው ያስተማረኝ። መደገፊያ ብረቶቹን በደረቴ ልክ አስተካከለ። ከዚያ በቀላል ክብደት ሆን ብዬ አቃተኝ እያልኩ ባሩን እዚያ ላይ ደጋግሜ አሳረፍኩ። አቦ፣ ይህን የሚያሳየኝ ሰው አምና በነበረ!

ቀጥሎ የመጣው ነው የቀየረኝ። በውድድር ላይ ቤንች ሲሠራ ባሩ ደረት ላይ ጸጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ዳኛው "ፕሬስ" (ግፋ) ሳይል አይገፋም። እኔ በጣም የምፈራው ደግሞ ያችን ቦታ ነው። ኮች ባዶውን 20 ኪሎ ባር ደረቴ ላይ አስቀምጦ ዝም ይላል። መጀመሪያ 1 ሰከንድ፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 5። ዓይኑ ሆዴ ላይ ነው። ትንፋሼ ወደ ላይ ከወጣ ያስቆመኛል፣ "ሆድህን ሙላ" ይለኛል። ስፈራ ትንፋሼ እንደሚያጥር፣ ወገቤ እንደሚላላ፣ ባሩም የዚያን ጊዜ እንደሚከብደኝ እዚያው ተኝቼ ገባኝ።

ከዚያ በ2.5 ኪሎ እየጨመርን ሄድን። ለ20ም ለ80ም አካሄዱ አንድ ነው፤ ቾክ (እጅ እንዳያንሸራትት የሚቀባ ነጭ ዱቄት)፣ የእጅ ቦታ፣ የእግር ቦታ፣ ትንፋሽ። ቅዳሜ ባሩ ደረቴን ሲነካ የቬንትሌተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማኝ ነበር። "ፕሬስ!" አለ። ወጣ። እጁ ከባሩ ሥር ነበር፣ አልነካውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ትከሻውን የሚያመው ልጅ መጥቶ ፍርሃት ነው ሲለው "ይሄ የጭንቅላት አይደለም፣ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ" ብሎ መለሰው። ገንዘቡን መቀበል ይችል ነበር። በዚህ በጣም አከብረዋለሁ።

ኮች፣ እጅህ ይባረክ፣ ፈጣሪ ያክብርልኝ።

ተጎድታችሁ ብረት የፈራችሁ፣ ወደ ባሩ መጠጋት የከበዳችሁ እህቶች፣ እሱ ጋ ሂዱ። በአንድ ወር ሰውነት ለማሳመር ለሚቸኩል ግን አይሆንም። ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። የሚያሠለጥነው ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። ከከዚራ ለምትመጡ ባጃጅ በዚያ ሰዓትም አይጠፋም።