ኮንፎካል ራማን ወይስ የፍሎረሰንስ ዕድሜ መለኪያ? ብርሃን በጥቃቅን ቅንጣቶች ውስጥ የሚያመጣውን ለውጥ ለሚያጠኑ

ሁለቱም ሌዘር አላቸው፤ ሁለቱም ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ (ሌዘሩ ካተኮረበት ነጥብ የሚመጣውን ብርሃን ብቻ የሚቀበል ማይክሮስኮፕ) ላይ ይሠራሉ። ጥሩ ሌንስ ከተገጠመላቸው ሁለቱም ከ200 እስከ 300 ናኖሜትር የሚራራቁ ነጥቦችን ይለያሉ። ስለዚህ ሻጩ በሚያምር ምስል ሊያማልላችሁ ሲሞክር ብዙ አትስሙት።

የፍሎረሰንስ (ብርሃን የዋጠ ነገር መልሶ የሚያወጣው ብርሃን) ዕድሜ መለኪያው ጊዜ ይቆጥራል። ቅንጣቱ ብርሃን ከዋጠ በኋላ ጉልበቱን ምን ያህል ይዞ እንደሚቆይ ከፒኮሰከንድ (የሰከንድ ትሪሊዮንኛ) ጀምሮ ያሳያል። ግን ቅንጣቱ ራሱ ማብራት አለበት፤ ካላበራ መሣሪያው ምንም አያይም።

ብዙ ገዢ የሚሸወደው ሌዘሩ ላይ ነው። በ80 ሜጋኸርዝ የሚመታ ሌዘር በሁለት ምቶች መካከል ያለው ክፍተት 12.5 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። ለብዙዎቹ የፍሎረሰንስ ቀለሞች ይበቃል። በመቶዎች ናኖሰከንድ የሚያበሩ የፔሮቭስካይት ክሪስታሎች (ለፀሐይ ሴል የሚጠኑ ብርሃን ዋጭ ቁሶች) ላይ ግን የመጀመሪያው ብርሃን ሳይከስም ቀጣዩ ምት ይደርሳል፤ ልኬቱም ይበላሻል። ለእነዚህ የምቱ ድግግሞሽ የሚስተካከል ዳዮድ ሌዘር ያስፈልጋል። የሞገድ ርዝመቱንም እዩ። አናቴዝ የሚባለው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት ብርሃን በደንብ መዋጥ የሚጀምረው ከ390 ናኖሜትር በታች ነው። የ405 ናኖሜትር ሌዘር ቅርብ ይመስላል እንጂ አያዋጣም።

ራማን ደግሞ የሌዘሩ ብርሃን ከቅንጣቱ ሲበተን ቀለሙ ምን ያህል እንደተቀየረ ለክቶ ቅንጣቱ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። በራማን መለኪያ አሃድ (cm⁻¹) አናቴዝ 144 ላይ ጎልቶ ይወጣል፣ ሌላው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት ሩታይል ደግሞ 447 እና 612 ላይ። በብርሃን ምክንያት አንዱ ወደ ሌላው ቢቀየር ወዲያው ይታወቃል፤ ማቅለሚያም አይፈልግም። ምልክቱ ግን እጅግ ደካማ ነው፦ ከ10 ሚሊዮን ፎቶን (የብርሃን እሽግ) አንድ ገደማ። ቅንጣቱ የሚያበራ ከሆነ ፍሎረሰንሱ ይውጠዋል። 785 ናኖሜትር ሌዘር ይህን ያቃልላል፤ ጉዳቱ ግን በእኩል ኃይል ምልክቱ ከ532 ናኖሜትሩ ሌዘር ወደ አንድ አምስተኛ መውረዱ ነው።

እኔ ብሆን ለሚያበራ ቅንጣት የዕድሜ መለኪያውን፣ ለማያበራ ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ቁስ) ራማንን እገዛለሁ። «ሁለቱንም ይሠራል» የሚባለውን ጥምር መሣሪያ የምመርጠው የራሴን ናሙና ፊቴ ከለኩልኝ ብቻ ነው።

የትኛውንም ብትገዙ የሌዘሩን ኃይል በትንሽ በትንሹ መቀነስ መቻሉን ጠይቁ። 1 ሚሊዋት በአንድ ስኩዌር ማይክሮን ላይ ሲያርፍ በስኩዌር ሴንቲሜትር 100,000 ዋት ነው። ጥቁር ቅንጣት በዚህ ይግላል፤ ሙቀት ያመጣውን ለውጥ የብርሃን ሥራ ነው ብሎ መጻፍ ደግሞ ቀላል ነው።